ለድባቴ የታዘዘ መድኃኒት አወሳሰድ በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን

ፀረ ድባቴ መድኃኒት ለሳምንታት የዘለቀ የስሜት መውደቅን፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባትን፣ ድካምንና ተስፋ መቁረጥን ለማከም በሐኪም ወይም በሠለጠነ የጤና ባለሙያ የሚታዘዝ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት በብዛት የሚታዘዙት ሁለት ናቸው፦ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲን። ሰርትራሊንና ኢሚፕራሚን ደግሞ በአንዳንድ ሆስፒታሎችና በከተማ ፋርማሲዎች ይገኛሉ። አሚትሪፕቲሊን ከ60 ዓመት በላይ አገልግሎት ላይ የቆየ ርካሽ መድኃኒት ሲሆን ፍሉኦክሴቲን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በማዳን ረገድ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። የሚለያዩት በጎንዮሽ ጉዳታቸውና ከመጠን በላይ ቢዋጡ በሚያስከትሉት አደጋ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ይበልጥ የሚያሳስበውም ይህ ሁለተኛው ልዩነት ነው።

በእነዚህ መድኃኒቶች ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው መከላከል የሚቻል ነው። ለባለሙያው ሳይነገር የቀረ ሕመም፣ ለወባ ወይም ለወገብ ሕመም ተብሎ በጎን የተጨመረ ሌላ ክኒን፣ ደህና ሲሆኑ ለማንም ሳይነግሩ መድኃኒቱን ማቆም፤ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው በእነዚህ በኩል ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ መጨረሻው ክኒን ድረስ ለባለሙያው መደበቅ ያለበት ነገር የለም።

ሕክምናው የሚጀመርበት ቦታ

በጋሞ ዞን ድባቴ የተጠረጠረበት ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ጤና ኬላ መድኃኒቱን አያዝም፤ ሰውየውን ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የነበረው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምናን ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ጋር ማቀናጀትን ዋና ዓላማው አድርጎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ሐኪም ለሌለባቸው ተቋማት ያዘጋጀው የሕክምና መመሪያም ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ መመሪያ የሠለጠነ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ድባቴን መርምሮ መድኃኒት ማስጀመር ይችላል። ከዚያ ያለፈው ጉዳይ ወደ ሆስፒታል ይመራል። የአርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የመጨረሻው ሪፈር ነው፤ ሆኖም ተራ ድባቴ የያዘው ሰው 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አማኑኤል የሚደርስበት ምክንያት እምብዛም የለም። የጉዞው ወጪ ብቻውን ሕክምናውን ያቋርጠዋል፤ ቅርብ ባለ ተቋም የተጀመረ ክትትል ግን ይዘልቃል።

ሐዘን ሁሉ ድባቴ አይደለም። የቅርብ ሰው የሞተበት ሰው ቢያለቅስ፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ምግብ ቢያስጠላው ሐዘኑ ነው፤ መድኃኒት የሚታሰበው ምልክቱ ከሐዘኑ ልማድ ሲያልፍ፣ ሰውየው ራሱን መንከባከብና መሥራት ሲያቅተው፣ ወይም መሞትን ሲመኝ ነው። ቀለል ላለ ድባቴ ደግሞ ምክርና የቅርብ ሰው ድጋፍ ከክኒን ይቀድማል። አንገቱ ላይ እንቅርት ያለበት፣ ደም ያነሰው ወይም በጣም የከሳ ሰው የታይሮይድና የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የታይሮይድ ማነስና የደም ማነስ ድባቴ ይመስላሉና።

ከማዘዣው በፊት የሚነገር

ባለሙያው ሳይጠይቅ ቢቀር እንኳ ታካሚው ወይም አብሮት የመጣው ሰው አንስቶ ሊናገራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የልብ ሕመም ነው፤ አሚትሪፕቲሊን የልብ ምትን ስለሚያዛባ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አይመረጥም፤ በዕድሜ ለገፋ ሰውም አስቀድሞ የልብ ምርመራ ቢደረግ ጥሩ ነው። የሚጥል በሽታ፣ የዓይን ግፊት መጨመር (ግላኮማ)፣ ሽንት የሚያስቸግር የፕሮስቴት ዕጢ፣ የጉበት ሕመም፣ ስኳርና ደም ግፊትም እንዲሁ ይነገራሉ።

ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረውና ከሁሉም የከበደው ግን ያለፈ የደስታ ስካር ነው። ታካሚው ከዚህ በፊት ለቀናት ያለ እንቅልፍ እየሠራ፣ እየዘፈነ ወይም እየሰበከ፣ ገንዘቡን እየበተነ፣ ያለማቋረጥ እያወራ ያሳለፈበት ወቅት ከነበረ ሕመሙ ተራ ድባቴ ላይሆን ይችላል። ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ያለበት ሰው ፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጠው ወደዚያው ስካር ሊገባ ይችላል። ታካሚው ራሱ ያንን ጊዜ እንደ ሕመም ስለማይቆጥረው አይናገረውም፤ የሚያስታውሱት እናት፣ ሚስት ወይም ወንድም ናቸው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አብሮ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

መሞትን ማሰብ ሳይሸፋፈን ይነገራል። ባለሙያው ይህን ካወቀ መድኃኒቱን መምረጥ፣ የሚሰጠውን ብዛት መቀነስና ቀጠሮውን ማቅረብ ይችላል። ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ ውስጥ አይተክልም።

የሚወሰድ መድኃኒት ሁሉ በስሙ ይነገራል፤ ስሙ ካልታወቀ ልጣጩ ወይም ከረጢቱ ይያዛል። አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬንም ስለሚታዘዝ፣ ለራስ ምታት ከሌላ ተቋም ወስዶ እየዋጠ ለድባቴ ሁለተኛ ጊዜ የሚታዘዝለት ሰው ያጋጥማል። ጋሞኛ ብቻ የሚናገር ታካሚ በጋሞኛ እንዲብራራለት መጠየቅ መብቱ ነው፤ መመሪያውን በግማሽ ተረድቶ መውጣት ለስህተት በር ይከፍታል።

ከፋርማሲ መስኮት ላይ

በብዙ ፋርማሲዎች ክኒኑ ከትልቁ ማሸጊያ ተቆጥሮ በትንሽ ከረጢት ይሰጣል፤ አወሳሰዱም ከላዩ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ከመስኮቱ ሳይለቁ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው በሚሊ ግራም፣ በቀን ስንት ጊዜና ስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ከረጢቱ ላይ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። ስም የሌለው ክኒን ነገ ሌላ ተቋም ቢገባ ማንም አይለየውም።

ሁለት ስህተቶች እዚህ ላይ ይፈጠራሉ። አንዱ የሰዓት ነው። ባለሙያው በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ብሎ የጻፈውን ታካሚው በሐበሻ ሰዓት ካነበበው፣ ማታ 2 ሰዓት መዋጥ የነበረበት አሚትሪፕቲሊን ከቀኑ 8 ሰዓት ይዋጣል፤ ሰውየውም ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ ያንቀላፋል። «ማታ ከመተኛት በፊት» ወይም «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» ተብሎ እንዲጻፍ ማድረግ ጥርጣሬውን ያጠፋዋል። ሁለተኛው የማብቂያ ቀን ነው። ከልጣጩ ላይ የሚታተመው ዓመተ ምሕረት የፈረንጅ ነው። 05/2026 የሚል ቁጥር የሚያበቃው በእኛ በግንቦት 2018 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነበው ሰው ግን ገና ስምንት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ለዓመታት ቤት ውስጥ እንደ ደህና ተቀምጦ የሚገኘው በዚህ ስሌት ነው።

መድኃኒቱ ያለ ማዘዣ ከሱቅ፣ ከገበያ ወይም ከጎረቤት አይገዛም። ሲካላ ገበያ ላይ በፀሐይ ተዘርግቶ የዋለ ክኒን የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው ለማወቅ መንገድ የለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ በመንግሥት ተቋም ያለውን መድኃኒት በመድኑ ያገኛል፤ ተቋሙ ጋር ካለቀ ግን ወደ ግል ፋርማሲ መሄድ ሊኖር ስለሚችል፣ ክኒኑ ከማለቁ ከአንድ ሳምንት በፊት መመለስ ብልህነት ነው። በሚያዝያና ግንቦት ዝናብ መንገዱ ለሚጨቀይባቸው ለቦንኬ፣ ለዲታና ለቃምባ ቀበሌዎች ደግሞ ቀጠሮው ከዝናቡ በፊት እንዲሆን መነጋገር ያዋጣል።

መጠኑ ለምን ቀስ እያለ ይጨምራል

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ታካሚው የታዘዘለትን እንዲረዳ የቀረቡ ናቸው፤ ለራስ ማዘዣ አይሆኑም። አሚትሪፕቲሊን ለአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማታ በ25 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ በየሳምንቱ እየጨመረ ለብዙዎች ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ለአረጋዊ የሚሰጠው ከዚህ ያነሰ ነው። ፍሉኦክሴቲን ጠዋት በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ 20 ይሆናል፤ ለብዙ ሰው 20 ይበቃል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለውጥ ካልታየ ባለሙያው ሊጨምረው ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ቀስ እያለ የሚጨምረው ሰውነት ድብታውንና የደም ግፊት መውረዱን እንዲለምድ ነው። ቸኩሎ በአንድ ጊዜ አራት ክኒን መጀመር ፈውሱን አያፋጥንም፤ ሰውየውን መሬት ላይ ይጥለዋል።

ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እነዚህ መድኃኒቶች ለድባቴ አይሰጡም። ከ12 እስከ 17 ላለ ታዳጊ ምክር ካልሠራ ፍሉኦክሴቲን በልዩ ባለሙያ ክትትል ሊታሰብ ይችላል፤ አሚትሪፕቲሊን ለድባቴ አይታዘዝለትም።

የተዘለለ ክኒን ሲታወስ ይዋጣል፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈው ይቀራል። ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ክልክል ነው። ማታ የተረሳ አሚትሪፕቲሊንን ጠዋት ውጦ ሥራ መሄድ ደግሞ ቀኑን በእንቅልፍ ማሳለፍ ስለሆነ እስከ ማታ መቆየት ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት

ይህ ወቅት ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅሙ ይዘገያል። ፍሉኦክሴቲን በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መቀነስና መቅበጥበጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ከምግብ ጋር ጠዋት ሲወሰድ ይቀንሳል፤ አብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ያስተኛል፤ ክብደትም ሊጨምር ይችላል። ከመኝታ በድንገት የሚነሳ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ስለሚወርድ ዓለም ይዞርበታል። ማታ ለሽንት የሚነሳ አረጋዊ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ትንሽ ቆይቶ መነሳት አለበት፤ በዕድሜ የገፋ ሰው የዳሌ አጥንት ስብራት የሚመጣው በዚህች ቅጽበት ነው። ለድርቀቱ ውኃ፣ ጎመን፣ ሙዝና ማንጎ ይረዳሉ፤ አርባ ምንጭ ላይ እነዚህ አይጠፉም።

ስለ ሩካቤ ሥጋ ማውራት ስለሚያሳፍር ሳይነገር የሚቀር ሌላ ጉዳት አለ። ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንሱ ወይም እርካታን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ብዙ ባለትዳሮች መድኃኒቱን በድብቅ የሚያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለሙያው ግን መጠኑን ማስተካከል ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ስለሚችል ሊነገረው ይገባል።

ፈውሱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይጀምራል፤ ሙሉ ጉልበቱ እስከ ስድስት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመለሱት እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ጉልበት ናቸው፤ ተስፋ መቁረጡ ኋላ ይቀራል። ሰውየው ጉልበት አግኝቶ ሐሳቡ ግን ገና ጨለማ ውስጥ ያለበት ይህ መሐል ወቅት አደገኛ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን በሚጀምሩ ልጆችና ታዳጊዎች ላይ ስለሚታይ የራስ ማጥፋት ሐሳብ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ሲሆን፣ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉት አራዝሞታል። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ከቤተሰቡ ርቆ የሚማር ተማሪ መድኃኒት ሲጀምር አንድ የሚያምነው የመኝታ ክፍል ጓደኛ ቢያውቅለት መልካም ነው። አዲስ የመሞት ሐሳብ፣ እረፍት ማጣት፣ በጣም የበዛ ቁጣ ወይም እንቅልፍ ሳያስፈልገው ለቀናት መንቃት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይኬዳል።

ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ሽፍታ ከወጣ፣ ሽንት ከቆመ፣ ልብ ከዘለለ፣ ሰውየው ራሱን ከሳተ ወይም ካንቀጠቀጠው ጊዜ አይሰጥም። ያልተለመደ ጉዳትን በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።

አብረው የማይሄዱ

አርባ ምንጭ ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ ስለዚህ ፀረ ድባቴ የሚወስድ ሰው የወባ መድኃኒት የሚሰጠው ቀን መምጣቱ አይቀርም። አርተሜተር-ሉሜፋንትሪን (ኮአርተም) የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያረዝም ይችላል፤ አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ሉሜፋንትሪን በተጨማሪ አሚትሪፕቲሊን በጉበት የሚፈርስበትን መንገድ ሊያዘገይ ይችላል። ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪንም የልብ ምት ላይ ጫና አለው። ይህ ማለት ወባው አይታከም ማለት አይደለም፤ ወባ ይገድላል፤ መታከም አለበት። የሚፈለገው ወባውን የሚያክመው ባለሙያ የታካሚውን ሌላ መድኃኒት እንዲያውቅ ነው፤ የወባ መድኃኒቱ በሚወሰድባቸው ሦስት ቀናት አሚትሪፕቲሊኑን ይቀጥል ወይም ይቆይ ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ጤና ኬላ ላይ የወባ ምርመራ የሚሰጠው ሰው «የማታ ክኒን እወስዳለሁ» ብሎ ከረጢቱን ማሳየት ይበቃዋል።

ሁለተኛው ትራማዶል ነው። ለወገብና ለአጥንት ሕመም በቀላሉ የሚሰጠው ይህ ማስታገሻ ከፍሉኦክሴቲን፣ ከሰርትራሊን ወይም ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደረብ ሴሮቶኒን የሚባለውን የአእምሮ ኬሚካል ከልክ በላይ ሊያበዛ ይችላል፤ የሚጥል በሽታም ሊቀሰቅስ ይችላል። ምልክቱ ትኩሳት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ፣ መቅበጥበጥና የጡንቻ መርገብገብ ነው። ይህ ምልክት ከወባ ጋር ስለሚመሳሰል አርባ ምንጭ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል፤ የጡንቻ መርገብገብና መቅበጥበጥ አዲስ ክኒን በተጨመረ በሰዓታት ውስጥ ከመጣ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኒዞሊድም ይህንኑ ያስከትላል፤ በተራ የቲቢ ሕክምና ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን በበኩሉ አሚትሪፕቲሊንንና ሰርትራሊንን ከሰውነት ቶሎ በማስወጣት ሊያደክማቸው ይችላል።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ከፍሉኦክሴቲን ጋር ሲወሰዱ የጨጓራ መድማትን ያባብሳሉ። ለተራ ራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል። ጥቁር ሰገራ ከታየ ፈጥኖ መታከም ይገባል።

አረቄ፣ ጠጅ፣ ጠላና ቦርዴ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ድብታውን ያከብዱታል፤ ድባቴውንም ራሱን ይመግቡታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨርሶ አለመጠጣት ይመከራል። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው ግን በድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ ስላለው ለባለሙያው ተናግሮ ነው የሚያቆመው። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ቃሚው በምርቃናው መድኃኒቱ የሠራ፣ በድብርሳው ደግሞ ያልሠራ ስለሚመስለው ሕክምናውን መመዘን ይከብዳል።

ምግብን በተመለከተ የሚወራው ፍርሃት አብዛኛው መሠረት የለውም። ቆጮ፣ የጫሞ ዓሣ፣ ሙዝ፣ የተፈላ ወተት ከፍሉኦክሴቲንም ከአሚትሪፕቲሊንም ጋር አይጣሉም። እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላው የሽፈራው ቅጠል ምግብ ነው፤ ተፈጭቶ ለደም ግፊት ወይም ለስኳር እንደ መድኃኒት የሚጠጣው ግን ይነገራል፤ ግፊትን ከሚያወርድ ክኒን ጋር ተደርቦ ሊያዞር ይችላልና።

ጾም፣ ጠበልና ጎሜ

በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከጾም ጋር አይጋጭም። አሚትሪፕቲሊን ማታ ስለሚወሰድ በሁዳዴም በረመዳንም ሰዓቱ አይለወጥም። ፍሉኦክሴቲን ባዶ ሆድ የሚረብሸው ሰው ከባለሙያው ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ማዛወር ይችላል። በጋሞ ብዛት ያላቸው ወንጌላውያን አማኞች ለቀናት የሚያደርጉት ምግብም ውኃም የሌለበት የጾም ጸሎት ግን፣ በተለይ በቆላው ሙቀት፣ ለታካሚው አይመከርም፤ ፍሉኦክሴቲን በአረጋውያን የደም ሶዲየምን ሊያሳንስ ስለሚችል ድርቀት ያባብሰዋል። የእምነት አባቶችና መጋቢዎች ለሕመምተኛ ጾምን ያቀላሉና ጠይቆ ማስፈቀድ ነው።

ጠበል ቦታ ላይ ወይም ፈውስ በሚጸለይበት ጉባኤ ክኒን ጣሉ የሚል ምክር አንዳንዴ ይሰማል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ አስታውቀው ነበር፤ ለዚህም መድኃኒት ያው ይሠራል። መጸለይና መጠመቅ ከክኒኑ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

በጋሞ ደጋ ደግሞ መከራ የመጣበት ቤተሰብ የትኛው ጎሜ (በባህሉ የተከለከለ ነገር) ተጣሰ ብሎ መጠየቁ የቆየ ልማድ ነው። የተጣላ ቢታረቅ፣ የበደለ ቢናዘዝ ልብን ያቀላል፤ ለድባቴ ታካሚም ከቤተሰቡ ጋር መታረቁ መልካም ነው። ጉዳት የሚመጣው የሽማግሌው ሥነ ሥርዓት እስኪያልቅ መድኃኒቱ ይቁም ሲባል ነው። ታካሚው ጥፋተኛ ተደርጎ እንዳይታይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ራስን መውቀስ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነውና።

ሥራ፣ ሙቀትና ጉዞ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ በጨመረ ቁጥር አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ባይነዳ ይሻላል። ከሲካላ ወደ ሸቻ ያለው አቀበት፣ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ እንቅልፍ ለሚጫጫነው ሰው ምሕረት የላቸውም። በጫሞ ላይ በጀልባ የሚያጠምድም እንዲሁ። መድኃኒቱ ላብን ስለሚቀንስ በሙዝ ማሳ ውስጥ እኩለ ቀን የሚሠራ ሰው ውኃ በብዛት መጠጣትና በጥላ ማረፍ አለበት።

ከዶርዜና ከጨንቻ ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሽመና የሚሄድ ታካሚ ጉዞው ሕክምናውን እንዳይቆርጠው አስቀድሞ ያዘጋጃል፦ ለጉዞውና ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበቃ ክኒን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ የሪፈር ወረቀት፣ የቀጠሮ ካርዱ። ወረቀቱ ካለ አዲሱ ተቋም ከዜሮ አይጀምርም።

እርግዝናና ማጥባት

መድኃኒቱን ስትወስድ ያረገዘች ሴት በድንጋጤ አታቋርጠውም፤ በዚያው ሳምንት ባለሙያዋን ታማክራለች። ያልታከመ ከባድ ድባቴም ለእናትም ለፅንስም አደጋ ነው፤ ውሳኔው ሁለቱን በመመዘን የሚደረግ ነው። ለምታጠባ እናት ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት ለመውጣት ስለሚዘገይ ሌላ ቢመረጥ ይሻላል፤ ሰርትራሊን ከተገኘ ተመራጭ ነው። ከወለደች በኋላ ድባቴ የያዛት አራስ የእናትነት ፍቅር የጎደላት ተደርጋ እንዳትወቀስ የቤቱ ሰው ሊያውቅ ይገባል።

አቀማመጥና ከመጠን ያለፈ መዋጥ

መድኃኒቱ ከ30 ዲግሪ በታች፣ ደረቅ በሆነ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። በቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያና የመስኮት ጠርዝ አይሆኑም፤ መሬት አጠገብ ያለ የተቆለፈ ሳጥን ይሻላል። መቆለፉ ከሙቀቱ ይበልጣል። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተዋጠ ልብን ያቆማል፤ ለሕፃን ጥቂት ክኒን እንኳ አደገኛ ነው። ታካሚው መሞትን ካሰበ ቁልፉ በሌላ የቤተሰብ አባል እጅ ይሆናል፤ የየዕለቱን ክኒን እሱ ይሰጣል፤ ፋርማሲውም የአንድ ሳምንት ብቻ እንዲሰጥ ይጠየቃል። በቤቱ ያለው የማሳ ፀረ ተባይ መርዝም በዚያው ምክንያት ከቤት ይወጣል።

ከመጠን በላይ የዋጠ ሰው ደህና ቢመስልም፣ ቢያወራም፣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ የልብ ምቱ ከሰዓታት በኋላ ሊበላሽ ይችላል። የወረዳው አምቡላንስ ይጠራል። ማስመለስ፣ ወተት ወይም የሳሙና ውኃ ማጠጣት ጊዜ ያባክናል፤ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። የተዋጠበት ከረጢት ወይም ባዶ ልጣጭ አብሮ ይሄዳል።

ማቆም

ከሁሉም የተለመደው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ታካሚው በሁለተኛው ወር ይሻለዋል፤ ክኒኑ ያልቃል፤ ድኛለሁ ብሎ አይመለስም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ሲመለስ መድኃኒቱ አልሠራም ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መድኃኒቱ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራል። ድባቴ ከዚህ በፊት ደጋግሞ የያዘው ሰው ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይችላል።

እነዚህ መድኃኒቶች እንደ አረቄ ሱስ አያስይዙም፤ ሰውነት ግን ስለሚለምዳቸው በአንድ ቀን ሲቆሙ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብስጭት፣ የእንቅልፍ መረበሽ፣ ቅዠትና ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ ቢያንስ በአራት ሳምንት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ መቆሙ ይቀላል፤ ያው ዝግታው ግን ከእሱ ወደ አሚትሪፕቲሊን የሚዘዋወር ሰው ለሳምንታት ሁለቱንም በሰውነቱ እንዲይዝ ያደርጋል። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ የቀድሞው የተረፈ ክኒን ከቤት ወጥቶ ወደ ፋርማሲ የሚመለሰውም ስለዚህ ነው።

ከቆመ በኋላ ባሉት ወራት ታካሚውና አብሮት የሚኖረው ሰው ሕመሙ መጀመሪያ እንዴት እንደገባ ያስታውሳሉ፦ አንዱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነቃ ነበር፤ ሌላዋ ከገበያ መቅረት ጀምራ ነበር። ያ ምልክት ለሁለት ሳምንት ያህል ከተመለሰ፣ ካርዱን ይዞ ሕክምናው ወደተጀመረበት ተቋም መሄድ ነው።